መዝገቡ ላይ ያለው 0.5 ከየት መጣ?

ስለ መጠጥ ውሃ ጥራት በክፍል ስንማር ምሳሌዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከትልልቅ የማጣሪያ ጣቢያዎች ነው። ለገዳዲንና ገፈርሳን እንጠቅሳለን፣ የማዝቀጫ ገንዳና የአሸዋ ማጣሪያ ንድፍ እንስላለን፣ ፈተና ላይም የሚወጣው እሱ ነው። መልካም ነው። ዳሩ ግን ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ሥራ የምንጀምረው ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ የሚጠብቀን አንድ ጥልቅ ጉድጓድ፣ አንድ ጄኔሬተር፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ አንድ ማጠራቀሚያ፣ አምስት ስድስት ቦኖ፣ ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ደግሞ አንድ ሰው ነው። ላብራቶሪው ዞን ወይም ክልል ነው ያለው። በእጅ ያለው አንድ መዝገብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ስለዚያ መዝገብ ነው። አንድ ትንሽ የውሃ ተቋም «ደረጃውን ያሟላል» ተብሎ ሪፖርት ሲደረግ፣ ማን፣ መቼ፣ በምን ለክቶ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ በጊዜው ሳይጠየቅ በመቅረቱ ግን ሰው ሞቷል።

ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?

ትርጉሙ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የመጠጥ ውሃ ሕግ መሠረት፣ ቢያንስ 15 መስመር ያለው ወይም ዓመቱን ሙሉ ቢያንስ 25 ነዋሪዎችን የሚያጠጣ ተቋም የማኅበረሰብ የውሃ ተቋም ይባላል፤ እስከ 3,300 ሰው የሚያጠጣውም ከትንንሾቹ ይመደባል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከሰው ቁጥር ይልቅ የአስተዳደሩን ነገር ያጎላል። የሠለጠነ ሰው ማጣት፣ የመለዋወጫ ችግር፣ ከላብራቶሪ መራቅ፣ ጎን ለጎን ሌላ ሥራ በያዘ ሰው መመራት የአነስተኛ ተቋም መታወቂያዎች ናቸው። በዚህ መለኪያ ከሄድን በአገራችን ገጠር ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የእጅ ፓምፑም፣ የጎለበተው ምንጭም፣ በሞተር የሚሠራው ጉድጓድም፣ ትንሽ ነው። የሚያስተዳድረው የውሃ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴውም ገበሬዎችና የቤት እመቤቶች ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ደመወዝ ይሠራሉ።

ደረጃው ምን ይላል?

በኛም ደረጃ ሆነ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዋናው ቃል አጭር ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም። ኢ. ኮላይ ሁሉ በሽታ ያመጣል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አያመጣም። ነገር ግን የሚኖረው በሰውና በከብት አንጀት ውስጥ ስለሆነ፣ ውሃ ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ጠቋሚ የተባለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነፃ ቀሪ ክሎሪን ነው። ክሎሪን ከተጨመረና ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ፣ ፒኤቹ ከ8 በታች በሆነ ውሃ፣ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር መቅረት አለበት፤ ሰው ከሚቀዳበት ቦኖ ላይ ደግሞ ከ0.2 መውረድ የለበትም። ሦስተኛው ድፍርስነት ነው። ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ከ1 ኤንቲዩ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ አቅም በሌለበት ቦታ ከ5 በታች እንዲሆን ይጠበቃል። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ይበላል፣ ተህዋስያኑንም ይደብቃል።

በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ይጨመራል፤ ገደቡ 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። እዚህ የማነሳው አንድ ግራ መጋባት ስላለ ብቻ ነው። ክሎሪን ፍሎራይድን አይነካውም፣ ማፍላትም አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ ይበዛል። ጥርስ የሚያበልዘውና ከበዛ አጥንት የሚያጎብጠው ይህ ንጥረ ነገር ቀስ ብሎ በዓመታት የሚሠራ ስለሆነ፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር አንዴ በደንብ ቢለካና ከዚያ አልፎ አልፎ ቢታይ በቂ ሊሆን ይችላል። የባክቴሪያ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ንጹሕ የነበረ ውሃ ነገ ከዝናብ በኋላ ሊገድል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። የኢ. ኮላይ ምርመራ ናሙናው ተወስዶ፣ በበረዶ ሳጥን ተጭኖ፣ ላብራቶሪ ገብቶ፣ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ሙቀት ውስጥ ቆይቶ ነው ውጤቱ የሚታወቀው። ውጤቱ ሲመጣ ውሃው ተጠጥቷል። ቀሪ ክሎሪን ግን በዲፒዲ ክኒንና በመለኪያው በሁለት ደቂቃ ይታያል፤ ክኒኑ ሲሟሟ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ ቀለሙን ታስተያያላችሁ፣ በቃ። አንደኛው ስለ ትናንት ይነግረናል፣ ሁለተኛው ስለ አሁን።

ሒሳቡን እንየው። በሦስት ወር አንድ ጊዜ ናሙና ይወሰዳል እንበል። ጉድጓዱ ከከባድ ዝናብ በኋላ ለሦስት ቀን ተበክሎ ይጸዳል እንበል። የናሙናው ቀን ከእነዚያ ሦስት ቀናት በአንዱ ላይ የመዋል ዕድሉ ከ90 ሦስት ነው፤ ከመቶ 3 ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ «የላብራቶሪ ውጤቱ ዜሮ ነው» የሚለው ወረቀት እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሰዉም በዚያው ሩብ ዓመት ታሞ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት በየቀኑ የሚለካው ክሎሪን ለትንሽ ተቋም ዋናው ዘብ ነው።

ዎከርተን፣ እ.ኤ.አ. 2000

ዘቡ ሲተኛ ምን እንደሚመጣ በደንብ ተመርምሮ የተጻፈልን ከሩቅ አገር ነው። ዎከርተን በካናዳ ኦንታሪዮ የምትገኝ፣ በጊዜው ከ5 ሺህ ያነሰ ነዋሪ የነበራት የገጠር ከተማ ናት። ውሃዋን ከጉድጓዶች ነበር የምታገኘው። ከነዚህ ውስጥ ቁጥር 5 የሚባለው ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ውሃው የሚመጣው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ከሆነ የተሰነጣጠቀ አለት ነው። ከአጠገቡ የከብት እርባታ አለ። ገበሬው ፍግ የበተነው እንደ ደንቡ ነበር፤ በኋላ የመጣው መርማሪም አልወቀሰውም።

በሜይ 2000 ለቀናት ከባድ ዝናብ ጣለ። በ12ኛው ቀን አካባቢ ፍጉን ያጠበው ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ከውስጡ ኦ157 የሚባለው አደገኛው የኢ. ኮላይ ዝርያ ነበረበት። ክሎሪን ይጨመር ነበር፤ ነገር ግን መጠኑ አነስተኛ ስለነበር ቆሻሻው በላውና ምንም ሳይቀር ወደ ከተማው መስመር አለፈ። በመጨረሻ 7 ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 2,300 የሚጠጉ ታመሙ። ከከተማው ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው።

እኔን በጣም ያስደነቀኝ ግን ዝናቡ ወይም ባክቴሪያው አይደለም፤ መዝገቡ ነው። ተቋሙን የሚያንቀሳቅሱት ወንድማማቾች ነበሩ። በየቀኑ ወደ ጉድጓዱ ሄደው ቀሪ ክሎሪኑን ለክተው መጻፍ ነበረባቸው፤ የክፍለ ሀገሩ መመሪያ ከ15 ደቂቃ ቆይታ በኋላ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዲኖር ይጠይቃል። ለዓመታት አብዛኛውን ቀን አይለኩም፤ መዝገቡ ላይ ግን 0.5 ወይም 0.75 ብለው ይጽፋሉ። ጉድጓዱ በተበከለ ማግስት በሜይ 13 ከቁጥር 5 ፊት ለፊት የተጻፈው 0.75 ነው። በዚያን ቀን አንድ ሰው ክኒን ጨምሮ ቀለሙን ቢያይ ኖሮ ባዶ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ክፉ ሰዎች ነበሩ ማለት ቀላል ነው። ምርመራው የሚያሳየው ግን ከዚያ የሚያስፈራ ነገር ነው። ሰዎቹ ውሃው ንጹሕ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ራሳቸውም ክሎሪን ሳይገባበት ከጉድጓዱ ይጠጡት ነበር። ነዋሪውም ክሎሪኑ ይሸታል፣ ጣዕሙ ያስጠላል እያለ ያማርራቸው ነበር። በዚህ ላይ ሥራውን የተማሩት በሥራ ላይ ነው፤ የውሃ ሳይንስ ያስተማራቸው የለም። እንግዲህ ውሃው ንጹሕ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው መለካቱ ትርጉም የለውም፤ መዝገቡ የቢሮ ግዴታ ብቻ ይሆናል።

የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችስ? እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ1995 እና በ1998 መጥተው ተቋሙን ጎብኝተዋል። አሃዙ ከቀን ቀን የማይነቃነቅ መሆኑን አይቶ «ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ብሎ ከሥሩ የመረመረ አልተገኘም። የጥሬ ውሃ ጥራት በየዕለቱ ይለዋወጣል፣ ሙቀቱ ይለዋወጣል፣ የፓምፑ ፍሰት ይለዋወጣል። ቀሪ ክሎሪን ብቻ ለዓመታት በሁለት አሃዞች መካከል ሲቀመጥ፣ ላብራቶሪ የሠራ ሰው ሁሉ መጠርጠር ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ሌላው ስንጥቅ ነው። በሜይ 15 የተወሰደው ናሙና ኢ. ኮላይ እንዳለበት የግሉ ላብራቶሪ በሜይ 17 ያሳወቀው ለውሃ ተቋሙ ብቻ ነው፤ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም። በ19ኛው ቀን የጤና ባለሙያዎች ሕጻናት ደም ሲያስቀምጣቸው አይተው ወደ ተቋሙ ደወሉ። «ውሃው ደህና ነው» ተባሉ። እነሱ ግን አላመኑም፤ በራሳቸው ናሙና ወስደው፣ ውጤቱን ሳይጠብቁ በ21ኛው ቀን ሕዝቡ ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ አወጁ።

ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር የመሩት የሕዝብ ምርመራ ሪፖርቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አወጣ። ከመደምደሚያዎቹ አንዱ፣ በጉድጓድ ቁጥር 5 ላይ ቀሪ ክሎሪንንና ድፍርስነትን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ወረርሽኙ አይከሰትም ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው ለኛ ይበልጥ ይቀርባል። መሣሪያው ባይኖርም እንኳ በየቀኑ በእጅ ቢለካ ኖሮ ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንስ ነበር። ክኒኑም መለኪያውም በእጃቸው ነበር።

ክሎሪኑ የት ይገባል?

0.5 ብሎ መጻፍ ቀላል ቢሆንም 0.5 ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለማሳየት ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ አለን፤ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ክሎሪን ልንጨምር እንፈልጋለን። 10,000 ሊትር በ2 ሲባዛ 20 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ይሆናል። እጃችን ላይ ያለው ኤች ቲ ኤች ዱቄት ነው፤ አዲስ ሲሆን ጥንካሬው 65 በመቶ ይሁን። 20 ለ0.65 ሲካፈል 31 ግራም ገደማ ይመጣል። ጥሬው ውሃ 1 ሚሊ ግራም በሊትር ቢበላብን ቀሪው 1 ነው። ጥሩ ነው።

አሁን በርሜሉ ክዳኑ ተከፍቶ ሙቀት ባለበት ዕቃ ቤት ወራት ይቀመጥና ጥንካሬው ወደ 40 በመቶ ይውረድ። ኦፕሬተሩ ያንኑ 31 ግራም፣ ያቺኑ ጣሳ፣ ይጨምራል። የሚገባው 12.4 ግራም፣ ማለትም 1.24 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ውሃው 1 ሲበላ የሚቀረው 0.24 ነው። ዝናብ ዘንቦ ውሃው ትንሽ ቢደፈርስና ፍጆታው ወደ 1.5 ቢያድግ፣ በአዲሱ ዱቄት 0.5 ይቀር የነበረው በአሮጌው ዜሮ ሆነ። ጣሳዋ አልተቀየረችም፣ ሰውየው አልሰነፈም፣ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ያልተለካ ክሎሪን እንዲህ ነው የሚጠፋው።

የዲፒዲ ክኒን ራሱ የሚያታልልበት ጊዜም አለ። ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛ ቀለሙ ብልጭ ብሎ ይጠፋና ውሃው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ የማያውቅ ሰው «ክሎሪን የለም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። ማጠራቀሚያ ታጥቦ በጠንካራ ክሎሪን በተዘፈዘፈ ቀን ይህ ሊያጋጥም ስለሚችል፣ ናሙናውን በንጹሕ ውሃ አቅጥኖ መልሶ መለካት ነው። ለላብራቶሪ በሚሄደው ናሙና ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ሶዲየም ታዮሰልፌት ካልተደረገ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያውን መግደሉን ይቀጥላል፤ ሰዉ ከጠጣው ውሃ ይልቅ የተሻለ ውጤት ይመጣል።

ቅጹ ባዶ አይቀበልም

ለአፓረንትሺፕ በወጣሁበት ወረዳ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ የአንድ ቀበሌ የውሃ ተቋም መዝገብ አየሁ። ከላይ እስከ ታች 0.5 ነው። በዚያው ወር አካባቢው ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ መንገድ የቆረጠበት ቀን አለ፤ ያን ቀንም 0.5 ነው። ኦፕሬተሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጄኔሬተሩን በድምፁ ያውቁታል፣ ሞተሩ ሲታመም ሌሊት ተነስተው ይሄዳሉ። «ጋሼ፣ ክኒኑን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ከኪሳቸው ባዶ የክኒን ወረቀት አወጡ።

«ካለቀ ቆየ ልጄ።»

«ታዲያ ይሄ 0.5?»

«ቅጹን ባዶ ብልከው ይመልሱብኛል። ባለፈው ባዶ ልኬ ሪፖርትህ አልተሟላም ተብያለሁ። ደመወዝ ለመፈረም ደግሞ ሪፖርት ይጠየቃል።»

ይህን የምጽፈው ሰውየውን ለማሳጣት አይደለም። ክኒን እንዲላክላቸው ጠይቀዋል፤ አልተላከም። ባዶ መዝገብ የሚቀጣ፣ የተሞላ መዝገብ የሚያመሰግን አሠራር ውስጥ ሆነው የሚጠበቅባቸውን አደረጉ። ወረዳው የሳቸውን 0.5 ከሌሎቹ ቀበሌዎች 0.5 ጋር ደምሮ ለዞን ይልካል፤ ዞን ጋ ሲደርስ «የክሎሪን ቁጥጥር መቶ በመቶ» ይሆናል። እላይ ያለው ሰው ይህን አይቶ ክኒን ለመግዛት በጀት ቢይዝ ነበር የሚገርመው፤ ችግር እንዳለ የሚነግረው ወረቀት የለማ!

በኔ አስተያየት ከሁሉ በፊት መለወጥ ያለበት ቅጹ ነው። ከአሃዙ ጎን «አልተለካም» የሚል ቦታ ይኑረው፣ ምክንያቱም ይጻፍ፤ ክኒን አለቀ፣ መለኪያው ተሰበረ፣ ሰው ታመመ። «አልተለካም» ብሎ የጻፈ ኦፕሬተር አይቀጣ፤ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ «ክኒን አለቀ» እየተባለ ዝም ያለ ጽሕፈት ቤት ግን ይጠየቅ። ከመምህሮቻችን አንዱ ይህን ሳነሳ፣ እንዲህ ከሆነ ሁሉም «አልተለካም» እያለ ያርፋል የሚል ስጋት አንስተዋል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን እኔ በ30 ቀን ውስጥ 12 ጊዜ ብቻ የተለካ መዝገብ፣ 30 ጊዜ ከተፈጠረ መዝገብ ይሻለኛል። በ12ቱ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ መስጠት ይቻላል፤ ከ30ው ግን ምንም አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቦኖ ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻው አይደለም። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት ውሃው ከምንጩም ከቤትም እየተወሰደ ኢ. ኮላይ ሲመረመር፣ ቤት ውስጥ ያለው ይበልጥ ተበክሎ ተገኝቷል። ጀሪካኑ፣ መቅጃው፣ እጁ ነው። ቀሪ ክሎሪን «ቀሪ» የተባለውም እስከ ጀሪካኑ ድረስ እንዲሸኘው ነው። ስለዚህ ጋሼ ጋ የጎደለችው 0.2፣ እናትየው ቤት ስትደርስ የምትጎድል መከላከያ ናት።

መዝገብ ሲመረመር

ነገ ተቆጣጣሪ ሆነን የምንመደብ ብዙ ነን። መዝገብ ስንቀበል የሚታዩ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ አሃዙ ይነቃነቃል ወይ? የእውነት የተለካ ክሎሪን 0.3፣ 0.6፣ 0.4፣ አንዳንዴም 0.1 ይላል። 0.1 የተጻፈበት መዝገብ ሳይ እኔ ደስ ይለኛል፤ ሰው ለክቶበታል። ሁለተኛው፣ ከዝናብ ጋር ይነጋገራል ወይ? ከባድ ዝናብ የጣለበትን ቀን ነዋሪው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ጠይቆ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው።

ሦስተኛው ዕቃ ቤት ነው፤ እንደኔ ከሁሉም የማይዋሸው እሱ ነው። ከላይ በሠራነው ሒሳብ ማጠራቀሚያው በቀን ሁለት ጊዜ ቢሞላ በቀን 62 ግራም፣ በወር 1.86 ኪሎ ኤች ቲ ኤች ይወጣል። ስለዚህ ሞዴል 22 ላይ በየወሩ 2 ኪሎ ገደማ ወጪ መታየት አለበት። መዝገቡ ሙሉ ሆኖ በርሜሉ እንደታሸገ ከሆነ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም። ደግሞም 45 ኪሎ የሚይዝ በርሜል በዚህ ፍጆታ ሁለት ዓመት ይቆያል ማለት ነው፤ ሁለት ዓመት ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ ዱቄት ጥንካሬው ስንት እንደሚሆን አይተናል። ለአንድ ትንሽ ቀበሌ ትልቁን በርሜል ከመላክ በአነስተኛ ዕቃ ከፋፍሎ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ የተከፈተበትን ቀን ጽፎ መላክ ይሻላል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋርም የዲፒዲ ክኒን አብሮ ይሂድ፤ በቀን አንድ፣ ለተበላሸበትም መጠባበቂያ ተጨምሮ፣ ለወር 40 ክኒን ይበቃል።